ሰርቨር ሲስፋፋ ቁጥር እንዳያልቅ፡ የኦፕሬቲንግ ሲስተም ሚናና የመሥሪያ ቤቶች ጥንቃቄ

ድሬዳዋ ከምሥረታዋ ጀምሮ የመገናኛና የመተላለፊያ ከተማ ናት። በ1895 ዓ.ም ከጅቡቲ የተነሳው የምድር ባቡር ሐዲድ በደረሰበት ሥፍራ የተቆረቆረችው ይህች ከተማ፣ ከመቶ ዓመታት በኋላ በነሐሴ 2014 ዓ.ም የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጣና ተመርቆባታል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም የሞባይል ኔትወርኩን ለሙከራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስጀመረው በዚያው ወር በድሬዳዋ ነው። ይህም ከተማዋ ዛሬ የምታስተላልፈው ዕቃና መንገደኛ ብቻ ሳይሆን መረጃም ጭምር መሆኑን ያመለክታል።

የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ የግብር ከፋዮች መዝገብ፣ የነዋሪዎች ምዝገባ፣ የይዞታ ማስረጃና የሠራተኞች የደመወዝ ዝርዝር በወረቀት ፋይል ብቻ የሚያዙበት ጊዜ እያለፈ፣ በሰርቨር ላይ የሚቀመጡበት ጊዜ እየተተካ ይገኛል። አገልግሎቱ በሰፋ ቁጥር ሰርቨሩም መስፋት ይኖርበታል። በዚህ ጊዜ መሥሪያ ቤቶች አስቀድመው የሚያስቡት መፍትሔ አዲስ ሰርቨር መግዛት ሳይሆን፣ ባለው ሰርቨር ላይ ተጨማሪ የኔትወርክ ወይም የዲስክ መቆጣጠሪያ ካርድ መሰካት ነው። ይህም ከወጪ አኳያ ተገቢ ውሳኔ ሊሆን ይችላል።

ሆኖም በሰርቨሩ ውስጥ ባዶ ስሎት መኖሩ ብቻ የሚሰካው ካርድ አገልግሎት እንደሚሰጥ ዋስትና አይሆንም። ካርዱ በትክክል ተሰክቶና መብራቱ በርቶ ሳለ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሊያሠራው የማይችልበት ሁኔታ አለ። ለዚህም ምክንያቱ በዓይን ከሚታየው የስሎት ብዛት በስተጀርባ ሌላ የማይታይ ወሰን መኖሩ ነው። ይኸውም ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ መሣሪያዎችን ለይቶ የሚያውቅበት ቁጥርና አድራሻ ውስን መሆኑ ነው። በመሆኑም በሕዝብ ገንዘብ ሰርቨር የሚገዙ፣ የሚረከቡና የሚያስተዳድሩ ኃላፊዎች የዚህን ወሰን ምንነት መረዳታቸው ከብክነትና ከአገልግሎት መቋረጥ ለመዳን ያግዛቸዋል።

የጋራ መስመርና የግል መስመር

በኮምፒዩተር ውስጥ ፕሮሰሰሩንና ሜሞሪውን ከልዩ ልዩ ካርዶች ጋር የሚያገናኘው የመረጃ ማመላለሻ መስመር "ባስ" ተብሎ ይጠራል። ከእነዚህ መስመሮች ለረዥም ጊዜ በስፋት ሲሠራበት የኖረው "ፒሲአይ" የተባለው ደረጃ ሲሆን፣ ይህንንም ኢንቴል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ በ1992 ይፋ አድርጎታል። በዚህ አሠራር በአንድ መስመር ላይ የተሰኩ ካርዶች ሁሉ በሴኮንድ 133 ሜጋባይት የሚደርሰውን የመስመሩን አቅም በጋራ ይጠቀሙ ነበር። አንዱ ሲያስተላልፍ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ሁኔታው በነጠላ ሐዲድ ይሠራ ከነበረው ከቀድሞው የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር ጋር ይመሳሰላል። በዚያ መስመር ከተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጡ ሁለት ባቡሮች መተላለፍ የሚችሉት አንዱ በጣቢያ ቆሞ ሌላውን ሲያሳልፍ ብቻ ነበር።

ይህን መጨናነቅ ለማስወገድ እ.ኤ.አ ከ2003 አካባቢ ጀምሮ "ፒሲአይ ኤክስፕረስ" የተባለው አዲስ ደረጃ ሥራ ላይ ውሏል። በአዲሱ አሠራር እያንዳንዱ ካርድ የራሱ የሆነ የግል መስመር ያገኛል። በመሆኑም የፍጥነቱ ችግር በአመዛኙ ሊቃለል ችሏል። ይሁንና አንዱ ችግር ሲፈታ ሌላው ጎልቶ ወጥቷል። ካርዶች በጋራ ሲጠቀሙበት የነበረው መስመር አንድ ቁጥር ብቻ ይበቃው ነበር። እያንዳንዱ ካርድ የግል መስመር ሲያገኝ ግን ለእያንዳንዱ መስመር የራሱ ቁጥር ሊሰጠው ግድ ሆኗል።

የቀበሌ፣ የቤትና የክፍል ቁጥር

ኦፕሬቲንግ ሲስተም አንድን ካርድ የሚያገኘው በሦስት ቁጥሮች አማካይነት ነው። የመጀመሪያው የመስመሩ ቁጥር ሲሆን፣ በስምንት ቢት የሚጻፍ በመሆኑ ከ0 እስከ 255 ድረስ 256 መስመሮችን ብቻ መለየት ይችላል። ሁለተኛው በመስመሩ ላይ ያለው የመሣሪያው ቁጥር ነው። ይህም በአንድ መስመር ላይ ከ32 ሊበልጥ አይችልም። ሦስተኛው ደግሞ በአንድ መሣሪያ ውስጥ ያሉትን እስከ ስምንት የሚደርሱ የሥራ ክፍሎች የሚለይ ነው።

አሠራሩን ከከተማ አድራሻ ጋር በማነጻጸር መረዳት ይቻላል። የመስመሩ ቁጥር እንደ ቀበሌ፣ የመሣሪያው ቁጥር እንደ ቤት ቁጥር፣ የሥራ ክፍሉም እንደ ቤቱ ክፍል ሊታይ ይችላል። 256 በ32 በ8 ሲባዛ 65,536 አድራሻ ይገኛል። በአንድ ሰርቨር ውስጥ ይህን ያህል መሣሪያ ስለማይኖር ቁጥሩ ከበቂ በላይ መስሎ ይታያል።

ችግሩ የሚጀምረው በፒሲአይ ኤክስፕረስ አሠራር እያንዳንዱ ካርድ ለብቻው አንድ መስመር የሚይዝ በመሆኑ ነው። ይህም በከተማ ውስጥ እያንዳንዱ ቤት ራሱን የቻለ ቀበሌ እንደሆነ ቢቆጠር ከሚፈጠረው ሁኔታ ጋር ይመሳሰላል። በሺህ የሚቆጠሩ የቤት ቁጥሮች ሥራ ላይ ሳይውሉ የቀበሌ ቁጥሮቹ አስቀድመው ያልቃሉ።

አንድ ምሳሌ መመልከቱ ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። በትላልቅ ሰርቨሮች ውስጥ አንዱን መስመር ለብዙ ካርዶች የሚያከፋፍሉ ስዊቾች ይገኛሉ። 16 መውጫ ያለው አንድ ስዊች ወደ እርሱ ለሚመጣው መስመር 1 ቁጥር፣ ለውስጥ መስመሩ 1 ቁጥር፣ ለመውጫዎቹ ደግሞ 16 ቁጥር፣ በድምሩ 18 ቁጥሮችን ይወስዳል። 14 ስዊቾች 252 ቁጥሮችን ስለሚይዙ 15ኛው ስዊች የሚሰጠው ቁጥር አይኖርም።

ከአንድ በላይ ፕሮሰሰር ባላቸው ሰርቨሮች ደግሞ ወሰኑ ይበልጥ ይጠባል። በእነዚህ ሰርቨሮች 256ቱ ቁጥሮች ለየፕሮሰሰሩ የሚከፋፈሉበት አሠራር የተለመደ ነው። ክፍፍሉ እኩል ቢሆን ባለ አራት ፕሮሰሰር ሰርቨር ለእያንዳንዱ 64፣ ባለ ስምንት ፕሮሰሰር ሰርቨር ደግሞ 32 ይደርሰዋል። 64 ቁጥር የደረሰው ፕሮሰሰር ከላይ የተጠቀሱትን ስዊቾች ሦስት ብቻ ማስተናገድ ይችላል። አራተኛው ስዊች በዚያው ወገን ከተሰካ፣ በሌላው ፕሮሰሰር ወገን ብዙ ቁጥር ያለሥራ የተቀመጠ ቢሆንም፣ ተጠቃሚ ሊሆን አይችልም።

ቁጥር በቅደም ተከተል መሰጠቱ የሚያስከትለው ችግር

ቁጥሮቹን በቅድሚያ የሚያድለው ሰርቨሩ ሲበራ ከሁሉ አስቀድሞ ሥራ የሚጀምረው ፈርምዌር የተባለው ፕሮግራም ነው። በመስመሮች መጋጠሚያ ላይ የሚገኙ "ድልድይ" የሚባሉ ክፍሎች እያንዳንዳቸው "ከዚህ ቁጥር እስከዚህ ቁጥር ያለው በእኔ ሥር ነው" የሚል ያልተቆራረጠ ድርሻ ይይዛሉ። አንዱ ድልድይ ከ10 እስከ 12፣ ቀጣዩ ከ13 እስከ 20 ይዞ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ሥር አዲስ ስዊች ቢሰካ የሚሰጠው ቁጥር አይገኝም። ቁጥር ለማግኘት የጎረቤቱን ድርሻ ማንሳት ያስፈልጋል። ጎረቤቱ ደግሞ በዚያው ሰዓት አገልግሎት በመስጠት ላይ የሚገኝ ዲስክ ወይም ኔትወርክ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ምክንያት ሰርቨሩ ሳይጠፋ ካርድ እንዲሰካባቸው ለተዘጋጁ ስሎቶች ፈርምዌሩ ወይም ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ባዶ ሳሉ ቁጥር አስቀድሞ ይይዝላቸዋል። ብዙ ከተያዘ ሌላው ቦታ ቁጥር ያጥረዋል፤ ጥቂት ከተያዘ ደግሞ ወደፊት የሚመጣውን ካርድ ማስተናገድ ያዳግታል። በሊኑክስ ለእንዲህ ያሉ ስሎቶች የሚያዘውን የቁጥር መጠን ባለሙያው በማስነሻ ትዕዛዝ ሊወስን ይችላል።

በሌላም በኩል አንድ ካርድ ራሱን በብዙ ካርድ መልክ እንዲያቀርብ የሚያስችል "ኤስአር-አይኦቪ" የተሰኘ ደረጃ እ.ኤ.አ በ2007 ወጥቷል። ይህ አሠራር በአንድ ሰርቨር ላይ በርካታ ቨርቹዋል ማሽኖች ለሚያስተዳድሩ መሥሪያ ቤቶች ጠቃሚ ነው። ሆኖም በዓይን የሚታየው አንድ ካርድ ሆኖ ሳለ ከአንድ በላይ የመስመር ቁጥር ሊይዝ የሚችል በመሆኑ በዕቅድ ውስጥ ሊታሰብ ይገባል።

ከስልክ ቁጥር ለውጥ የሚገኝ ትምህርት

ቁጥር ሲያልቅ የሚወሰደው መፍትሔ ለድሬዳዋ ነዋሪዎች እንግዳ አይደለም። በ1998 ዓ.ም መጀመሪያ በመላ አገሪቱ የስልክ ቁጥሮች ሲለወጡ፣ ድሬዳዋን ጨምሮ የምሥራቁ አካባቢ መለያ ከ05 ወደ 025 ተቀይሯል። የደንበኞች ቁጥርም ከስድስት አኃዝ ወደ ሰባት አኃዝ አድጓል። በዚህ ለውጥ በየቤቱ የተዘረጋው ሽቦ አልተቀየረም። አንድ አኃዝ በመጨመሩ ብቻ ግን ሊሰጥ የሚችለው ቁጥር በአሥር እጥፍ ጨምሯል።

በትላልቅ ኮምፒዩተሮችም የተወሰደው እርምጃ ተመሳሳይ ነው። ከሦስቱ ቁጥሮች ፊት "ሴግመንት" የተባለ አራተኛ ቁጥር እንዲጨመር ተደርጓል። በሊኑክስ ይኸው ቁጥር "ዶሜይን" በመባል ይታወቃል። ቁጥሩ 16 ቢት ስለሆነ እስከ 65,536 የሚደርሱ ቡድኖችን ለመለየት ያስችላል። እያንዳንዱ ቡድንም የራሱ 256 መስመሮች ይኖሩታል። የስልክ ቁጥር 025 ወይም 011 ሲቀድመው የተለያየ ደንበኛ እንደሚያመለክት ሁሉ፣ መስመር 12 በአንደኛው ቡድንና መስመር 12 በሌላው ቡድን የተለያዩ መስመሮች ናቸው።

በሊኑክስ የመሣሪያዎች ዝርዝር ላይ ከእያንዳንዱ አድራሻ ፊት የሚታዩት አራት አኃዞች ይህንኑ ያመለክታሉ። በትናንሽ ማሽኖች ላይ አራቱም ዜሮ ሆነው ስለሚታዩ ብዙ ባለሙያዎች ልብ አይሏቸውም። በትላልቅ ሰርቨሮች ላይ ግን ልዩ ልዩ ቁጥር ይዘው ይታያሉ።

ይሁን እንጂ የስልክ ቁጥር ለውጡ ይሳካ ዘንድ የማዞሪያ ጣቢያዎች አዲሱን ቁጥር ማወቅ እንደነበረባቸው ሁሉ፣ እዚህም ሁለት ወገኖች መስማማት አለባቸው። ፈርምዌሩ የቡድኖቹን ዝርዝር ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ማስታወቅ ይኖርበታል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም ዝርዝሩን መረዳት ይጠበቅበታል። በዊንዶውስ በኩል ይህ ችሎታ የመጣው ከዊንዶውስ ሰርቨር 2008 ትውልድ ጀምሮ ነው። ቡድኖችን የማያውቅ አሮጌ ኦፕሬቲንግ ሲስተም በአዲስ ትልቅ ሰርቨር ላይ ቢጫን የመጀመሪያውን ቡድን ብቻ ያያል። የቀሩት ካርዶች ለእርሱ የሉም ማለት ነው።

ይህ መፍትሔ በግል ኮምፒዩተሮች ዓለም ብቻ የተወሰነ አይደለም። ባንኮችና ትላልቅ መንግሥታዊ ተቋማት የሚጠቀሙባቸው የአይቢኤም ዋና ኮምፒዩተሮች እ.ኤ.አ በ1964 ይፋ ከሆነው ሲስተም/360 የጀመረ ረዥም ታሪክ አላቸው። በእነዚህ ማሽኖች መሣሪያዎች የሚገናኙባቸው "ቻናሎች" በስምንት ቢት ቁጥር ይለዩ ስለነበር ከ256 ሊበልጡ አልቻሉም። ኩባንያው እ.ኤ.አ በ2003 ባወጣው ዜድ990 በተባለው ማሽን ቻናሎቹን በቡድን በማደራጀት ወሰኑን አልፎታል። እስከ አራት የሚደርሱ ቡድኖች እያንዳንዳቸው 256 ቻናል ሲኖራቸው በድምሩ 1,024 ይሆናል። ይሁንና በማሽኑ ላይ የሚሠራ እያንዳንዱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚያየው እንደቀድሞው 256 ድረስ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ለዓመታት ሲያገለግሉ የቆዩ ፕሮግራሞች እንደገና መጻፍ ሳያስፈልጋቸው ሥራቸውን ቀጥለዋል። ነባሩን ሳያፈርሱ ከፊቱ ቁጥር መጨመር በሁለቱም ወገን የተመረጠ መንገድ መሆኑን ከዚህ መገንዘብ ይቻላል።

የአራት ጊጋባይት ጣሪያ

ወሰኑ የመስመር ቁጥር ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ካርድ ፕሮሰሰሩ የሚያነብበትና የሚጽፍበት የአድራሻ መስኮት ይጠይቃል። በ32 ቢት የሚጻፍ አድራሻ 4,294,967,296 ባይት ወይም 4 ጊጋባይት ድረስ ብቻ ይደርሳል። የካርዶቹ መስኮትና የሜሞሪው አድራሻ ይህንኑ ቦታ ይሻማሉ። በቢሮ ኮምፒዩተሮች ላይ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ተገዝቶ ባለ 32 ቢቱ ዊንዶውስ ግን ሦስት ወይም ሦስት ተኩል ያህል ብቻ ያሳይ የነበረው ሜሞሪው ጎድሎ ሳይሆን የአድራሻው ቦታ ለካርዶች ተሰጥቶ በመሆኑ ነው።

ባለ 64 ቢት ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች መስኮቶቹን ከ4 ጊጋባይት በላይ በማስቀመጥ ይህን ጣሪያ ያልፋሉ። ይህ የሚሆነው ግን ፈርምዌሩ ሲፈቅድ ብቻ ነው። በብዙ ሰርቨሮች ላይ ይህን የሚፈቅድ ማስተካከያ ያለ ሲሆን፣ ተዘግቶ ከተገኘ ትልቅ መስኮት የሚጠይቅ ካርድ ሊሠራ አይችልም። በተጨማሪም የመስኮት መጠን በሁለት እጥፍ እያደገ የሚሄድ ቁጥር መሆን አለበት። በመሆኑም ሙሉ 80 ጊጋባይት ሜሞሪውን ለፕሮሰሰሩ የሚያሳይ የስሌት ካርድ 128 ጊጋባይት መስኮት ይጠይቃል። ስምንት እንዲህ ያሉ ካርዶች 1,024 ጊጋባይት አድራሻ ይይዛሉ።

ከዚህ ሌላ የቀድሞዎቹ ካርዶች የሚገለገሉበት "አይኦ ፖርት" የተባለ አነስተኛ የአድራሻ ክልል አለ። ጠቅላላ ስፋቱ 65,536 ሲሆን አንድ ድልድይ ከዚህ ውስጥ ከ4,096 ያነሰ መውሰድ አይችልም። ስለዚህ ከ16 ድልድይ በላይ የሚዳረስ አይሆንም። አብዛኞቹ የአሁን ዘመን ካርዶች ያለዚህ ክልል መሥራት ስለሚችሉ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች ክልሉን ነፍገው ካርዱን በሌላው መስኮት ብቻ ያሠሩታል። ይህን ክልል የግድ የሚፈልግ አሮጌ ካርድ ግን ከአገልግሎት ውጭ ይሆናል።

ፕሮሰሰሩን ለመጥራትም ወሰን አለ። አንድ ካርድ ሥራውን ሲጨርስ ለፕሮሰሰሩ የሚያሰማው የጥሪ ምልክት ኢንተራፕት ይባላል። ቀደም ባሉት ኮምፒዩተሮች ለመላው ማሽን አገልግሎት የሚሰጡ 15 የጥሪ መስመሮች ብቻ ነበሩ። በዛሬዎቹ የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ለእያንዳንዱ የፕሮሰሰር ኮር 256 የጥሪ ቁጥር ያለ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ 32 ለራሱ ለፕሮሰሰሩ የተጠበቁ ናቸው። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ጥሪዎቹን በኮሮቹ መካከል በማዳረስ እጥረቱን ያቃልላል። ካልበቃም የካርዱ ድራይቨር ጥቂት ጥሪ ተቀብሎ በቀነሰ ፍጥነት እንዲሠራ ይደረጋል።

ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የሚወስዳቸው እርምጃዎች

ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሥራ ሲጀምር በቅድሚያ ፈርምዌሩ ያደረገውን ድልድል ይቀበላል። ቀጥሎም ሁሉም ካርዶች ቁጥርና መስኮት ማግኘታቸውን ይመረምራል። ያላገኘ ካለ ድልድሉን ለማስተካከል ይሞክራል። ሊኑክስ በዚህ ጊዜ የግድ አስፈላጊ የሆኑትን ጥያቄዎች ያስቀድማል። ለቨርቹዋል ማሽኖች የሚውሉትን መስኮቶች የመሳሰሉትን ደግሞ ቦታ ከተረፈ ብቻ ይሰጣል። ፈርምዌሩ ያደረገውን ድልድል አፍርሶ እንደገና እንዲደለድል ለማዘዝም ይቻላል። ዊንዶውስም የካርዶችን ድራይቨር ለአፍታ አስቁሞ መስኮታቸውን ወደ ሌላ አድራሻ የማዛወር ችሎታ አለው።

እነዚህ እርምጃዎች ሁሉ ሳይበቁ ሲቀሩ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ካርዱን ትቶ ሥራውን ይቀጥላል። ሰርቨሩ አይቆምም፤ የማስጠንቀቂያ ድምፅም ላይሰማ ይችላል። ችግሩ የሚታወቀው በክንውን መዝገብ ውስጥ ከሚጻፍ አንድ መስመር ወይም በመሣሪያዎች ዝርዝር ላይ ከሚታይ ምልክት ነው። መዝገቡን የሚያነብ ባለሙያ ከሌለ ካርዱ በንብረት ክፍል "ተረክቧል፣ ተተክሏል" ተብሎ ተመዝግቦ ያለአገልግሎት ሊቀመጥ ይችላል።

የተጨመረ ካርድ ነባሩን ሲያናጋ

ከዚህ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው አዲሱ ካርድ ሠርቶ ነባሩ ሲስተጓጎል ነው። እ.ኤ.አ ከ2013 ወዲህ በብዙ የሊኑክስ ሥርጭቶች የኔትወርክ ካርድ ስም ከሚገኝበት አድራሻ እንዲወሰድ ተደርጓል። በመስመር 3 ላይ ያለ ካርድ "ኢኤንፒ3ኤስ0" የሚል ስም ሊሰጠው ይችላል። ሌላ ካርድ ተሰክቶ ቁጥር 3ን ሲወስድ ነባሩ ካርድ ወደ መስመር 4 ይገፋል። ስሙም "ኢኤንፒ4ኤስ0" ይሆናል። የኔትወርኩ አድራሻ የተመዘገበው በቀድሞው ስም ስለሆነ ሰርቨሩ ቢነሳም ከኔትወርኩ ውጭ ሆኖ ይቀራል። በዊንዶውስም ካርድ ከአንዱ ስሎት ወደ ሌላው ሲዛወር እንደ አዲስ መሣሪያ ስለሚቆጠር ቀደም ሲል የተሰጠውን ቋሚ አድራሻ ይዞ አይሄድም።

የዚህ ውጤት ለባለጉዳይ የሚታየው "ሲስተም የለም" በሚለው መልስ ነው። ዲስክ ለመጨመር የተሠራ ሥራ የክፍያ ወይም የምዝገባ መስኮትን ሲያዘጋ፣ ምክንያቱን ለመገመት ያዳግታል። መከላከያው ግን ቀላል ነው። የኔትወርክ ቅንብሩን ከስሙ ይልቅ በፋብሪካ ከተሰጠው የካርዱ ማክ አድራሻ ጋር ማያያዝ፣ ዲስኮችንም በተገኙበት ቅደም ተከተል ሳይሆን በራሳቸው ቋሚ መለያ መጥራት አደጋውን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

በግዢና በርክክብ ወቅት ሊታዩ የሚገባቸው ነጥቦች

ከላይ ከተዘረዘረው መረዳት እንደሚቻለው በጨረታ ሰነድ ላይ "ቢያንስ ስምንት ስሎት ያለው" ብሎ መጻፍ ብቻውን በቂ አይደለም። በመሆኑም የሚከተሉት ነጥቦች በዝርዝር መግለጫው ውስጥ ቢካተቱ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ አቅራቢው በሰርቨሩ ላይ በአንድ ጊዜ ሊሠሩ የሚችሉ ካርዶችን ብዛትና ዓይነት፣ ሁሉም ስሎቶች ተሞልተው ሳለ፣ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ መጠየቅ።

ሁለተኛ፣ መሥሪያ ቤቱ የሚገለገልበት ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከነትውልዱ ተጠቅሶ፣ ከሰርቨሩ የቁጥር ቡድኖች ጋር መጣጣሙ እንዲገለጽ ማድረግ። አሮጌ ፕሮግራም ለማቆየት ሲባል አሮጌ ኦፕሬቲንግ ሲስተም በአዲስ ሰርቨር ላይ የሚጫን ከሆነ ይህ ነጥብ ይበልጥ አስፈላጊ ነው።

ሦስተኛ፣ ከ4 ጊጋባይት በላይ ያለውን አድራሻ ለካርዶች የሚፈቅደው የፈርምዌር ማስተካከያ መኖሩንና መከፈቱን ማረጋገጥ።

አራተኛ፣ ርክክቡ ካርዶቹ ተሰክተው፣ ሰርቨሩ ጠፍቶ እንደገና ተነስቶና የክንውን መዝገቡ ተነብቦ እንዲፈጸም ማድረግ። የመሣሪያዎቹ ዝርዝር ከነአድራሻቸው ታትሞ ከርክክብ ሰነዱ ጋር ቢያያዝ ወደፊት ካርድ ሲጨመር ምን እንደተለወጠ ለማወቅ ያስችላል።

አምስተኛ፣ አገልግሎት በመስጠት ላይ ባለ ሰርቨር ላይ ካርድ የሚጨመረው ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ የመረጃ ቅጂ ተይዞና ወደ ቀድሞው ሁኔታ መመለሻ መንገድ ተዘጋጅቶ እንዲሆን መወሰን።

ከዚሁ ጋር ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሊያቃልላቸው የማይችሉ ወሰኖች መኖራቸውም ሊዘነጋ አይገባም። ለምሳሌ 128 የመረጃ መተላለፊያ ያለው አንድ ፕሮሰሰር እያንዳንዳቸው 16 መተላለፊያ የሚፈልጉ ካርዶችን በሙሉ ፍጥነት ማስተናገድ የሚችለው እስከ ስምንት ብቻ ነው። በመልኩ ባለ 16 የሆነ ስሎት በውስጡ የተዘረጋለት 8 መተላለፊያ ብቻ ሊሆንም ይችላል። የኃይል አቅርቦትና የማቀዝቀዣ ጉዳይም እንዲሁ ነው። ድሬዳዋን በመሰለ ሞቃት ከተማ እያንዳንዱ ተጨማሪ ካርድ በሰርቨር ክፍሉ ማቀዝቀዣ ላይ የሚያሳድረው ጫና ከመነሻው ሊታሰብ ይገባል።

ካርዱ ከተገዛ በኋላ የሚታወቅ ወሰን ዋጋው ገንዘብና የባለጉዳይ ጊዜ ሲሆን፣ ከግዢ በፊት የሚታወቅ ወሰን ግን ዋጋው አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ብቻ ነው። ጥያቄውን የማቅረብ ኃላፊነትም የኮምፒዩተር ባለሙያው ብቻ ሳይሆን፣ መግለጫውን የሚያጸድቀውና በርክክብ ሰነዱ ላይ የሚፈርመው ኃላፊም ጭምር ነው።